ለሞተው ወንድሜ ዋስ ሆኜ

ሰው ዋስ ከመሆኑ በፊት ሁለት ጊዜ ያስብ ይባላል። እኔ ግማሽ ጊዜም አላሰብኩም። ዋስ የሆንኩትም በሬ ሸጦ ለሚሄድ ነጋዴ ወይም ከሚስቱ ለተጣላ ባል አይደለም። ለሞተ ሰው ነው። ተገንዞ፣ ፍትሐት ተደርጎለት፣ ተቀብሮ፣ ድንጋይ ለተከመረበት ለገዛ ወንድሜ። ግዴታዬ ከመቃብሩ እንዳይወጣ መጠበቅ፣ ከወጣም ሲጠራ ማቅረብ ነበር። ሳቁ፤ አልቀየማችሁም። ወንድሜ ባይሆን እኔም እስቅ ነበር።

ከየት ልጀምር? ከካፖርቱ ልጀምር።

ወንድሜ ይሁኔ ካፖርት ነበረው። ደብረ ማርቆስ ገበያ ከአንድ ጡረታ ከወጣ ወታደር የገዛው ነው። አረንጓዴ፣ ከባድ፣ እስከ ቅልጥሙ የሚወርድ፣ የነሐስ ቁልፎች የተደረደሩበት። አገራችን ከአምበር ወረድ ብላ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ናት። እዚያ ሰው ሁሉ ጋቢና በርኖስ ነው የሚለብሰው። ስለዚህ ያ ካፖርት ከተረተሩ ብቅ ሲል፣ ፊቱ ሳይለይ፣ ሰው «ይሁኔ መጣ» ይላል። እንዲያውም ኋላ ኋላ «ካፖርቱ መጣ» ነበር የሚሉት። በሠርግም በለቅሶም ካፖርቱ ይቀድማል፤ ወንድሜ ውስጡ ሆኖ ይከተላል።

እኔን ያስተማረኝ እሱ ነው። አባታችን ከሞተ ጀምሮ እሱ አረሰ፣ እኔ አነበብኩ። ክፍፍሉን ያወጣው ራሱ ነው። ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ስጠይቀው፣ አንተ ሞፈር ስትይዝ በሬዎቹ ይስቃሉ አለኝ። ጋሼ እንዲህ ነበር። ብዙ አይናገርም። ሲናገር ግን... ተዉት።

በሰኔ መጀመሪያ ወደ ሉማሜ ገበያ ወርዶ ሲመለስ ገደሉ ሥር ሞቶ ተገኘ። ያገኘው ዳምጤ የሚባል ጎረቤታችን ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ፈተና ላይ ነበርኩ። መልእክተኛ መጥቶ፣ እኔ ጭቃውን ረግጬ እስክደርስ ተቀብሯል። ሰው ሁሉ ፊቱን አይቷል። እኔ ያየሁት አፈሩን ነው።

በአገራችን ሰው ወድቆ አይሞትም። ወድቆ መሞት ውርደት ይመስላቸዋል መሰለኝ። ገደሉ ያዳልጣል፣ ሰኔ ዝናብ ነው፣ መንገዱ ፍየል እንኳ ማርያም ማርያም እያለች ነው የምታልፈው። ይኼ ሁሉ ምክንያት አይበቃቸውም። ጋኔን ያስፈልጋቸዋል። ዳምጤ ጋኔኑን አመጣላቸው።

በቀብሩ ዕለት ዳምጤ ወድቆ አገኘሁት ብቻ ነበር ያለው አሉ። በሠልስቱ ከወንዙ አንድ ጥቁር ነገር ሲወጣ አየሁ አለ። እኔ ስደርስ ጥቁሩ ነገር ቀንድ አብቅሎ ነበር። ከዚያ በኋላማ ወንድሜን በክርስትና ስሙ እየጠራ ወደ ገደሉ ሲስበው በዓይኑ በብረቱ ያየ ሆነ። ጠላ በተጠመቀበት ቤት ሁሉ ዳምጤ ይጠራል። ዋንጫው በተሞላ ቁጥር ጋኔኑ አንድ ክንድ ይረዝማል። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ፣ ወንዶቹ ያማትባሉ፣ ዳምጤ አፉን ይጠርጋል።

እኔ አንድ ቀን ካፖርቱስ የት ገባ ብዬ ጠየቅሁ። ወንድሜ ለብሶት ወርዶ ነበር፤ ሲገኝ አልነበረም። ዳምጤ በሐዘኔታ አየኝ።

«ተማሪ፣ ጋኔን አይበርደውም ብሎ ማን ነገረህ?» አለኝ።

ሰው ሁሉ በመልሱ ተደነቀ። ይኼን ያህል ዘመን ተምሬ እንዴት ይህን አላሰብኩም ተባልኩ።

ቀጥሎ ሰኔ ሳይወጣ ጉሙ ወረደ። የጮቄን ጉም የማያውቅ ሰው ጉም አውቃለሁ አይበል። በጠዋት ደጅ ወጥታችሁ እጃችሁን ብትዘረጉ መዳፋችሁን የሚጨብጣችሁ አለ ወይ ብላችሁ ትጠራጠራላችሁ። በዚህ ጉም ውስጥ ነው እትዬ ጥሩ የምትባል ጎረቤታችን፣ ከወፍጮ ስትመለስ፣ ካፖርቱን ያየችው። አረንጓዴው ካፖርት፣ ከነቁልፎቹ፣ ራሱን በጋቢ ተከናንቦ፣ ቀስ እያለ ወደ እሷ ይመጣል። እትዬ ጥሩ የዱቄት ስልቻዋን ጥላ ሸሸች። ሰዎች ተሰብስበው፣ ጸሎት እያደረሱ፣ ወደ ቦታው ሲመለሱ ስልቻው የለም።

እኔ መንፈስ ዱቄት ምን ያደርግለታል አልኩ። መሪጌታችን ሙት ይርበዋል አሉኝ። ማን ያቦካለታል አልኩ። ዝም በል አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ካፖርቱ ሥራ ያዘ። የአንዱ ቅቤ ከነቅሉ ሄደ። የአንዱ ዶሮ ከነቆጧ ሄደች። የሚገርመው ስርቆቱ አይደለም፤ የሚገርመው አሰራረቁ ነው። ሌባ ከጥንት ጀምሮ አጥር እየዘለለ፣ ውሻ እየነከሰው፣ ዱላ እየቀመሰ የኖረ ፍጡር ነው። የእኛን አገር ሌባ ግን ባለቤቱ በር ከፍቶለት ይሸሻል። ውሻው እንኳ ጌታው ሲሸሽ አይቶ ይሸሻል። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ እኛ ዘንድ ግን ሞኙ ራሱ ቆርጦ ያቀብላል።

መሪጌታ መፍትሔ አመጡ። ገብስማ ዶሮ ታርዶ፣ ወጥ ተሠርቶ፣ ከአንድ እንስራ ጠላ ጋር መንታ መንገድ ላይ ይቀመጥለት፤ በልቶ ይረካል፣ ረክቶ ይተኛል አሉ። ይኼን ከየትኛው መጽሐፍ እንዳገኙት አልነገሩንም። ጊዜው የሐዋርያት ጾም ነበር። ወንድሜ በሕይወቱ ረቡዕና ዓርብ ገድፎ አያውቅም። ሞቶ በጾም ዶሮ ይበላል ተባለ። እናቴ ይኼን ስትሰማ ብቻ ተቆጣች። መሪጌታ ሙት አይጾምም ብለው አጽናኗት። በማግስቱ ሰው ሄዶ ሲያይ ድስቱ ተልሷል። እንስራው ባዶ አይደለም፤ እንስራው ራሱ የለም። ሕዝቡ እጅግ ተደሰተ፤ መሥዋዕቱ ተቀባይነት አገኘ ማለት ነው። በሳምንቱ ሌላ ዶሮ ተወሰነ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ጀግንነት ላውራ። አንድ ከሰዓት ጠላ ቤት ገብቼ ሰበክሁ። ጉም ማለት ተን ነው፣ ሙት ማለት ሙት ነው፣ ሁለቱን አትደባልቁ አልኩ። ስለ ደመና አፈጣጠር አስረዳሁ። ጣቴን ጠላ ውስጥ ነክሬ መደቡ ላይ ሥዕል ሣልኩ። ማንም አልሰማኝም፤ እኔ ግን ራሴን በደንብ አሳመንኩና ወደ ቤቴ መንገድ ጀመርኩ። ቁልቁለቱ ላይ ካፖርቱ ከጉሙ ወጣ።

ሳይንሱ ከእኔ ቀድሞ ሸሸ። እኔ ተከተልኩት። «ጋሼ ማረኝ! ጋሼ ማረኝ!» እያልኩ እንደሮጥኩ የሰሙኝ አሉ፤ እስከ ዛሬ ያስመስሉኛል። አንድ እግር ሸራ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ግን አጥሩን ስዘል አንድ ጊዜ ዞር ብዬ አየሁ። ምን አየሁ? ሙቱም ይሮጣል። ወደ እኔ አይደለም፤ ወደዚያ። ካፖርቱን በሁለት እጁ ሰብስቦ፣ እንደ ሰው፣ እያዳለጠው።

አጥሩ ሥር ተቀምጬ አሰብኩ። ጋሼ ቢሆን ኖሮ አንድም ይቆማል፣ አንድም ይስቅብኛል። ከእኔ አይሸሽም። ከተማሪ የሚሸሽ መንፈስ የለም፤ ከተማሪ የሚሸሸው የሚታወቅ ፊት ያለው ሰው ነው። ይኼንን ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። ጥሩ ነጥብ ነው አሉ። ከዚያም ዳምጤ፣ አፍሮ ነው እንጂ፤ ወንድሙን በዚያ ሁኔታ ማየት ከብዶት ነው አለ። አንዳንዶቹ አለቀሱ። ጫማዬን ፍለጋ ብመለስ እሱም ተሰርቋል።

በመጨረሻ ጭቃ ሹማችን አያ መኳንንት አውጫጭኝ ጠሩ። የማታውቁት ካላችሁ፣ አውጫጭኝ ማለት ሌባ ሲበዛ አገሬው በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ የማይሄድበት ሸንጎ ነው። የሚያውቅ ሰው በድብቅ ለሽማግሌ ሹክ ይላል። ያ ሹክ ባይ «ወፍ» ይባላል፤ ማን እንደሆነ አይነገርም። ሽማግሌዎቹም «ወፍ እንዲህ አለች» ይላሉ። የአባቶች ጥበብ ነው። ወፊቱ ራሷ ሌባ ብትሆንስ ብሎ የጠየቀ አባት ግን የለም።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ሜዳ ላይ ዝናብ እየወረደብን ተቀመጥን። ሕፃን ያለቅሳል፣ ላሙ ሳትታለብ የቀረችበት ያጉረመርማል፣ ሽማግሌዎች ከዛፉ ሥር ይንሾካሾካሉ። በመጨረሻ አያ መኳንንት ተነሡ።

«ወፍ ይሁኔን አለች» አሉ።

እኔ ከተቀመጥኩበት ዘለልኩ። ይሁኔ እኮ ሞቷል አልኳቸው።

«መሞቱንማ እናውቃለን፤ እኛ ነን የቀበርነው» አሉኝ በትዕግሥት። «ጥያቄው ሞቶ ቀርቷል ወይ ነው።»

መሪጌታ ፍርዱን አብራሩ። የማይተኛ ሙት በተቀደሰ አፈር አይቀመጥም። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወጥቶ፣ ከሞተበት ገደል ሥር ተመልሶ ይቀበር። ያን ጊዜ የራሱ ጋኔን ይጠብቀዋል። ተዝካሩም እንዲሁ ይቀራል፤ ተዝካር የሚበላው ለተኛ ሰው ነው።

እናቴን ዞሬ አየሁ። አላለቀሰችም። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ መሬት መሬት ታያለች። ከቀብሩ ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትናገረው፤ ከይሁኔ ጎን ያለችውን ያችን ስፍራ ለእኔ ጠብቁልኝ ትል ነበር። በምድር ላይ የቀራት ሀብት እሱ ነበር። እሱን ወስደው ገደል ሊጥሉባት ነው።

እኔ ስናደድ አፌ ይያያዛል። አሁን ስጽፍ እንኳ ታያላችሁ፣ ቀጥ ብዬ አልሄድም። ያን ዕለት ግን አንደበቴ ተፈታ። ሌባ እንኳ ዋስ ጠርቶ ይለቀቃል አልኩ። ነፍሰ ገዳይ እንኳ ዋስ ጠርቶ አዝመራውን ይሰበስባል። ይሁኔ ተከሳሽ ከሆነ ዋስ ይጠየቅ እንጂ! እንዴት ያለ ዋስ ይፈረድበታል? እንግዲያውስ ዋሱ እኔ ነኝ!

ማሾፌ ነበር። በእግዚአብሔር፣ ማሾፌ ነበር። ይስቃሉ፣ ሲስቁ ያፍራሉ፣ ሲያፍሩ ይበተናሉ ብዬ ነው። የአገሬን ሰው አላውቀውም ኖሯል። ሸንጎ ላይ ቃል ከአፍ ከወጣ ቀልድ የለም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ራሱን ነቀነቀ። ሌላው፣ ሥርዓቱ ነው፣ ልጁ እውነቱን ነው አለ።

«ቃሉን ሰማችሁ?» አሉ አያ መኳንንት።

«ሰማን» አለ አገሬው።

«እስከ ተዝካሩ ዋስ ነህ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ቢጠፋ ወንድምህን ታቀርባለህ። በጃንሆይ አምላክ፣ ከቃልህ ንቅንቅ እንዳትል።»

እንዲህ ሆኜ ዋስ ሆንኩ። ያሾፍኩት እኔ፣ የታሰርኩት እኔ።

መታሰሬ ምሳሌ እንዳይመስላችሁ። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ የልብሳቸው ጫፍ ተቋጥሮ በአንድነት ይሄዱ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። ፖሊስ ከመጣ ወዲህ ቀርቷል ቢባልም የእኛ ሽማግሌዎች ፖሊስ መምጣቱን ገና አላመኑበትም። የጋቢዬን ጫፍ ከወንድሜ መቃብር ራስጌ ከቆመው የእንጨት መስቀል ጋር ቋጠሩት። ቀን ቀን እዚያ እቀመጣለሁ። ሲመሽ መሪጌታ ቋጠሮውን ፈትተው፣ መቃብሩን በጠበል ረጭተው ይሸኙኛል። ሲነጋ እንደገና ይቋጥሩኛል። ሰው ለቅዳሴ ሲመጣ ሁለታችንንም ሰላም ይላል።

እናቴ ቆሎ ይዛ ትመጣና ከጎኔ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ቀን፣

«ያናግርሃል?» አለችኝ።

«አያናግርም፣ እማ።»

«ድሮም ዝምተኛ ነው» አለችና ቆሎዋን ከፈለች። ለእኔ ሰጠችኝ፤ ጥቂት ደግሞ ድንጋዩ ላይ አደረገች። ወፍ መጥቶ በላው። ይኼኛው እውነተኛ ወፍ ነበር።

ዳምጤም ይጠይቀኝ ነበር። ከሁሉ የበለጠ የሚያዝንልኝ እሱ ነው። በርኖሱን ጠቅልሎ ከአጥሩ ላይ ይደገፍና፣ ተማሪ፣ ልፋት ነው፤ ይውጣና ይገላገል፤ አንተም ወደ ትምህርትህ ሂድ ይለኛል። ደግ ሰው ነው አልኩ በልቤ። ልቤም ከአገሬው ልብ ብዙ አይሻልም።

ተዝካሩ ሲቃረብ አንድ ጠዋት የአያ መኳንንት በግ ጠፋ። ባለቤታቸው፣ ካፖርቱ በጉን ሲፈታ በቀዳዳ አይታ፣ በሩን ዘግታ፣ ውዳሴ ማርያም ስትደግም እንደነበር መሰከረች። ሽማግሌዎቹ ወደ መቃብሩ መጡ።

«ዋስ፣ ሰውህን አቅርብ» አሉኝ አያ መኳንንት።

«ይኸው ነው፤ ተኝቷል» አልኩ። ጠዋቱን ሙሉ እዚህ ተቋጥሬ ነበር። ድንጋዩ እንዳለ ነው፣ በድንጋዩ መካከል የበቀለው ሣር እንኳ አልተረገጠም፣ ለቅዳሴ የመጣው ሰው ሁሉ ምስክሬ ነው አልኳቸው። እዚህ የተኛ ሰው እዚያ በግ ሊፈታ እንዴት ይችላል? ከመጽሐፍ ያላነበብኩት፣ ራሴ ያወጣሁት ክርክር ነበር። ዳኛ ፊት ባቀርበው አሸንፍ ነበር። መሪጌታ ግን ሣሩን ጎንበስ ብለው አዩና፣

«ሥጋው አለ። የሚወጣው ሌላው ነው» አሉ።

«ሌላው ከወጣ ሥጋውን ማውጣት ምን ይጠቅማል?»

«ሌላው ሲመለስ ቤት እንዲያጣ ነዋ።»

እንዲህ ካለ ሰው ጋር ተከራክራችሁ ታውቃላችሁ? ከግድግዳ ጋር መከራከር ይሻላል፤ ግድግዳ ቢያንስ ረታሁ ብሎ አይስቅም። በተዝካሩ ዋዜማ፣ በጠዋት፣ ጋሼ እንዲወጣ ተወሰነ።

በዚያ ጠዋት ጉሙ ከመቼውም ይልቅ ወፍሮ ነበር። አገሬው በሙሉ ዶማና አካፋ ይዞ ግቢው ውስጥ ቆመ። ሁሉም ዶማ ይዟል፤ የሚቆፍር ግን የለም። አንተ ጀምር፣ አይ አንተ ታላቅ ነህ፣ አይ አንተ ጎረቤቱ ነህ ይባባላሉ። እንደ ገበታ ይገባበዙ ጀመር። ዳምጤ አልመጣም። በገደሉ ያየሁት ይበቃኛል፣ ዳግመኛ አልችልም ብሎ ተፈቅዶለታል። እናቴም አልመጣችም። ልጄን ሲያወጡት አላይም ብላ ቤት ቀረች። ለተዝካሩ የተጠመቀው ጠላ፣ የተነጠረው ቅቤ፣ የተፈጨው ጤፍ ሁሉ ቤት ነው። ይቅር ተብሎ እንኳ ማዘጋጀቷን አልተወችም ነበር።

እኔ መቃብሩ ላይ ተቀምጬ፣ ከነቋጠሮዬ፣ እኔንም ቆፍራችሁ አውጡኝ እላለሁ። አያ መኳንንት ተነሥ ይሉኛል፣ አልነሣም እላለሁ። አንዱ ዶማውን አነሣ።

ያን ጊዜ ከቤታችን በኩል እልልታ ተሰማ።

የእናቴ ድምፅ ነው። ከሐዘን ቤት፣ በተዝካር ዋዜማ፣ እልልታ። ዶማው በአየር ላይ ቀረ። እኔ ጋቢዬን ከቋጠሮው ጋር ትቼ ሮጥኩ። ሰው ሁሉ ተከተለኝ፤ እንደሚያባርር ሳይሆን ሊያመልጠው የማይፈልገው ነገር እንዳለው ሰው።

ግቢያችን ስንደርስ አገሬው አጥሩ ላይ እንደ ቅጥር ቆመ። ካፖርቱ ደጃችን ላይ ነው። አረንጓዴው፣ ከነቁልፎቹ፣ ራሱን የተከናነበው። በአንድ እጁ የተዝካሩን የቅቤ ቅል ይዟል። እናቴ ደግሞ ከኋላው አቅፋዋለች። ጉንጯን ጀርባው ላይ ለጥፋ፣ በሁለት እጇ የካፖርቱን ደረት ጨብጣ። መንፈሱ ወደ ግራ ይታገላል፣ ወደ ቀኝ ይታገላል፣ እናቴ አብራው ትዞራለች፣ አትለቅም። እልልታዋ ቆሟል። ዝም ብላ ይዛዋለች።

ይኼን ያህል ጀግና ዶማ ይዞ ቆሞ አንድ ሰው አልተንቀሳቀሰም። እኔም አልተንቀሳቀስኩም፤ ለምን እዋሻለሁ።

መንፈሱ ቅሉን ጣለና ቁልፎቹን መፍታት ጀመረ። ብዙ ናቸው፣ ጠንካራም ናቸው፤ ጋሼ ራሱ በብርድ ቀን ይሰድባቸው ነበር። ከላይ ፈታ፣ ከመሐል ፈታ፣ የመጨረሻውን በጠሰውና ከእጅጌው ሾልኮ ወጣ። ክንንቡ ወደቀ። ዳምጤ በሸሚዙ ቀረ። ካፖርቱ እናቴ እጅ ውስጥ ተንጠለጠለ።

አሁን አገሬው ጎበዘ። ካፖርት የለበሰው ዳምጤ መንፈስ ነበር፤ ካፖርት ያወለቀው ዳምጤ ግን ዳምጤ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያዘው በለው አለ። በድንች ማሳችን መሐል አባረሩት፣ ድንቹን ጨረሱት፣ ጭቃ ላይ ወድቆ ያዙት። ከያዙት ሰዎች ሁሉም ከመጀመሪያው ጠርጥሬው ነበር አለ። መሪጌታ፣ እኔ ሌላው ነው የሚወጣው ስል ማንን መሰላችሁ አሉ።

እኔ ወደ እናቴ ሄድኩ። ካፖርቱን እያጠፈች ነበር። አልፈራሽም ወይ አልኳት።

«ልጄን ምን ብዬ እፈራዋለሁ?» አለችኝ።

«እሱ እንዳልሆነስ መቼ ለየሽ?»

«ስይዘው ለየሁት። ጀርባው የይሁኔ አይደለም።» ካፖርቱን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። «ግን ልብሱ የእሱ ነው። እንዴት ልልቀቀው?»

አያ መኳንንት ሥርዓት አክባሪ ናቸውና ዳምጤን ከእኔ ጋር በቁራኛ ቋጠሩት። የጋቢዬ ጫፍ ገና ከመስቀሉ መፈታቱ ነበር። ወደ ፖሊስ በሚወስደው የአምበር መንገድ ጭቃ ውስጥ፣ ወንድሜን ከገደለው ሰው ጋር ልብስ ለልብስ ታስሬ፣ አጃቢዎች ኋላ እየዘፈኑ፣ ተጓዝኩ። እሱ ሲያዳልጠው እኔ እሳባለሁ፣ እኔ ሲያዳልጠኝ እሱ ይይዘኛል። ተማሪ፣ ቀስ በል፣ እግሬ ተልጧል ይለኛል። ሰው ከጠላቱ ጋር ሲታሰር የመጀመሪያው ነገር እርምጃ ማስተካከል ነው። ይህን ከትምህርት ቤት አልተማርኩም።

መንገድ ላይ ነገረኝ። ከሉማሜ አብረው ሲመለሱ ዝናብ መታቸው። ዳምጤን በረደው። አፋፉን እስክናልፍ ካፖርቱን አልብሰኝ አለው። ጋሼ፣ እኔንም ይበርደኛል አለ። ዳምጤ በጨዋታ ያዘው ይላል፣ በጨዋታ ጎተተው ይላል፣ ጋሼም ሲታገል ከእጅጌው ሾለከ።

«እኔ ካፖርቱን ይዤ ቀረሁ» አለኝ። «እሱ ወደ ታች ሄደ።»

ጨዋታ ይሁን ጠብ ዳኛው ይወቀው አልኩ በልቤ። ከዚያ ስለ ስርቆቱ ጠየቅሁት። ስለ ስርቆቱ ሲናገር ግን ዳምጤ ቅር ያለው መሰለ። ሌብነት አላሰብኩም አለ። በጉም ብርድ ለብሼው ወጣሁ፤ እትዬ ጥሩ ዱቄቷን ጣለችልኝ፤ ዱቄት ዝናብ ላይ ይበሰብሳል ብዬ አነሣሁት። ከዚያማ እናንተው ናችሁ፤ እያስቀመጣችሁ ሸሻችሁ። ዶሮ ወጥ ሠርታችሁ መንገድ ላይ አኖራችሁ። ማን እምቢ ይላል? አንድ እግር ጫማህም ቤቴ ነው፤ ስትመለስ ውሰደው አለኝ። ስመለስ ወሰድኩት።

ዳምጤ ደብረ ማርቆስ ቀርቦ ተፈረደበት። ካፖርቱም ለማስረጃ ተብሎ አብሮ ሄደ፤ እስካሁን አልተመለሰም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አረንጓዴ ካፖርት ብቻውን ሲሄድ ካያችሁ አደራችሁን አትሽሹ። ያዙልኝ፤ እናቴ ትጠይቃለች።

ተዝካሩ ተበላ። አገሬው ሁሉ መጣ። ያ ወጣት ምን የመሰለ ሰው ነበር፣ አንዲት ነገር አይነካም እያለ በላ፣ ጠጣ። ዶማ አንሥቶ የነበረው ሰው ወጡ ጨው አንሶታል አለ።

እኔ ወደ አያ መኳንንት ቀርቤ፣ እንግዲህ ከዋስነቴ ያውርዱኝ አልኩ። ዋንጫቸውን አስቀምጠው አሰቡ። ከሳሽ ጉዳዩን ትቻለሁ ሳይል ዋስ አይወርድም አሉ። ከሳሹ ማን ነው አልኩ። ወፍ ናት አሉ። ወፍ እኮ ዳምጤ ነበር፣ ራሱ አምኗል፣ ታስሯል አልኩ። እሱ ከእስር ይምጣና ይተውልህ አሉኝ። ሥርዓት ሥርዓት ነው።

ስለዚህ እስከ ዛሬ ዋስ ነኝ። ሰው በዋስነት ብዙ ተጎድቷል፤ ዋስ የሆነለት ሰው ጠፍቶበት፣ ከአገር ኮብልሎበት፣ በሬው ተነድቶበት። እኔ በዚህ አላማርርም። በጎጃም ምድር እንደ ይሁኔ ያለ የታመነ ተከሳሽ የለም። መስቀል በመጣ ቁጥር፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ሄጄ አየዋለሁ። ከቦታው ንቅንቅ አላለም። አንድ ቀን እንኳ ተነሥቶ ቃሌን ባፈረሰብኝ ብዬ የምመኝ፣ ዋስ ሆኖ እንዲህ የሚመኝ ሰው፣ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።